የበልግ ኩሬ፣ የቀትር ፀሐይና የተቃጠለ ዘይት፦ ለወሎ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብና ለሰሜን ወሎ ዞን የግብርና፣ የጤና እና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያዎች፤
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፤
ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት፣ ለልማትና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የሥራ ባልደረቦች፣

ጥያቄያችንን እናስቀድም፤ ምክንያቱ ይከተላል። መጪው በልግ ከመግባቱ በፊት ለወባ መከላከያ ተብሎ በኩሬና በረግረግ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ እንዲቆም፣ በውሃ ዳር ፀረ ተባይ የሚረጭበት ርቀትና ሰዓት በጽሑፍ እንዲወሰን፣ ከቦርከና ወንዝና ከገባሮቹ የሚወሰደው የውሃ ናሙናም ከጠዋቱ በተጨማሪ ከቀትር በኋላ እንዲወሰድ እንጠይቃለን።

ሦስቱን የምታገናኛቸው ፀሐይ ናት። ብክለት ሲለካ የተለመደው አሠራር አንዱን ኬሚካል ለብቻው ይዞ ከደረጃው በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ መወሰን ነው። ለደረጃዎቹ መነሻ የሚሆኑት የመርዛማነት ሙከራዎች ደግሞ በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ በመብራት ሥር የሚሠሩ ናቸው። የተለመደው የላቦራቶሪ መብራት አልትራቫዮሌት ጨረር የለውም ማለት ይቻላል። የወሎ ኩሬ ግን ያለው ሜዳ ላይ ነው። በመብራት ሥር ጉዳት ያላሳየ መጠን፣ ቀትር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድመው ከሚያሳዩት እንስሳት መካከል ቆዳቸው ስስ፣ እንቁላላቸውም ራቁቱን የሆነው እንቁራሪትና ጉርጥ ናቸው።

ስለ ፀሐይዋ ትንሽ እንበል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ተጨማሪ ጨረር ያገኛታል። ወደ ጉጉፍቱና ወደ ለጋምቦ ደጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ጭማሪው ወደ ሲሶ ይጠጋል፣ ያልፋልም። ሁለተኛው ነገር የፀሐይዋ አቋም ነው። ደሴ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 አካባቢ ነው። ነሐሴን ደመናው ይሸፍነዋል። ሚያዝያ ግን በልግ ነው፤ አንድ ዝናብ ይጥላል፣ ከዚያ ቀናት ሰማዩ ይጠራል። ጎድጎድ ባለው ግጦሽ ላይ፣ በመንገድ ዳር ገረገንቲ በወጣበት ጉድጓድ፣ በማሳ ጥግ የሚቋጠረው ጥልቀት የሌለው ውሃ እንቁራሪት የምትራባበት ነው፤ የሚገኘውም በዚሁ ወቅት ነው። ከቀኑ አልትራቫዮሌት ጨረር 60 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በደሴ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው።

ጨረሩ ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። የእንቁላሉን የዘር ቅንጣት ያዛባል፤ እንቁላሉ ደግሞ ፎቶላይዝ በሚባል ኢንዛይም ራሱን ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድሪው ብላውስታይንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ባደረጉት ጥናት ይህ ኢንዛይም የበዛላቸው ዝርያዎች በፀሐይ ውስጥ ሲፈለፈሉ፣ ያነሰባቸው ብዙ እንቁላል እንደሚሞትባቸው አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሥራ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም ነው፦ ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውሃ ሻጋታ እንቁላሉን በብዛት የሚጨርሰው ጨረሩ ሲጨመርበት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ደግሞ ጥልቀትን ጨመረበት፤ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ያሉ እንቁላሎች 50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካሉት እጅግ በባሰ ሁኔታ ይሞታሉ። ዝናብ ሲያጥር ኩሬው ይጎድላል፣ ኩሬው ሲጎድል ጨረሩ ይበረታል፣ ጨረሩ ሲበረታ ሻጋታው ያሸንፋል። የበልግን ዝናብ መቆራረጥ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ይህ ሰንሰለት ማብራሪያ አያሻውም።

በአገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። በተረታችን ዝሆን አክላለሁ ብላ የተሰነጠቀችው እንቁራሪት በመሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ ስሟ አይነሳም፤ ስለዚህ የየወገኑ አኗኗር እንደሚለያይ መጠቆም ያስፈልጋል። በደጋው ሣር ውስጥ የምትዘለው ቀጭንና ሹል አፍንጫ ያላት ወገን፣ ፕቲካዲና፣ እንቁላሏን የምትጥለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ገጽ ላይ ነው። ከፀሐይ የሚሸሸግበት የለውም። ጉርጥ እንቁላሉን በረጅም ክር መልክ ሣር ላይ ይጠመጥማል። ከውሃ የማትወጣው ባለ ጥፍሯ ዜኖፐስ እንቁላሏን አንድ በአንድ ተክል ላይ ትለጥፋለች፤ ጭራማው እጭ ግን አንጀቱ እስኪታይ ድረስ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ በውሃው መሃል ተንሳፍፎ የሚበላውን ያጣራል። ሌፕቶፔሊስ የተባለችው ወገን እንቁላሏን ጭቃ ውስጥ ትቀብራለች፤ ከጨረሩ ትድናለች፣ በጭቃው ውስጥ ከሚጠራቀመው መርዝ ግን አትድንም።

አሁን ወደ ዘይቱ። በቆላውና በወይና ደጋው፣ በቃሉ፣ በቆቦ፣ በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ወባን ለመከላከል ያቆረ ውሃ ላይ የተቃጠለ ዘይት መርጨት የቆየ ልማድ ነው። ሐሳቡ ትክክለኛ መነሻ አለው፤ የትንኝ እጭ አየር የሚስበው ከውሃው ገጽ ስለሆነ የዘይቱ ስስ ሽፋን ያፍነዋል። ችግሩ የተቃጠለ ዘይት አዲስ ዘይት አለመሆኑ ነው። በሞተር ውስጥ ሲቆይ ፒኤኤች የሚባሉ የካርቦን ውህዶች ይከማቹበታል፤ አንትራሲን፣ ፓይሪንና ፍሎራንቲን ከእነዚህ ናቸው። እነዚህ ቅንጣቶች ስብ ስለሚወዱ በቆዳና በስንጥብ በኩል ወደ እንቁራሪቱ እጭ ሰውነት ይገባሉ። በጥላ ውስጥ እስካለ ድረስ በዚያ መጠን ብዙም ላይጎዱት ይችላሉ። ፀሐይ ስትመታው ግን ቅንጣቱ የጨረሩን ጉልበት ይቀበልና በአካባቢው ላለው ኦክሲጅን ያስተላልፋል፤ የነቃው ኦክሲጅን የሕዋሱን ሽፋን ይቀድዳል። መጀመሪያ የሚጠቃው ስንጥቡ ነው። የጠራ ሰውነት ያለው የዜኖፐስ እጭ ደግሞ ጨረሩን እስከ ውስጥ ያስገባል፤ አየር ለመሳብ ወደ ገጹ ስለሚወጣም ዘይቱን በቀጥታ ያገኘዋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይባል። ይህን ሥራ የሚሠራው በዋነኝነት አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ሞገዱ ረዘም ያለው ጨረር ነው፤ እሱ ደግሞ ሞገዱ አጠር ካለው ከአልትራቫዮሌት ቢ ይልቅ ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ እጩ ወደ ታች ወርዶ ማምለጥ አይችልም።

ጉዳቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዘይቱ አመሻሽ ላይ ይፈስሳል። በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኩሬውን ያየ ባለሙያ እጮቹ ሲዋኙ ያገኛቸዋል፤ ጉዳት የለም ብሎ ይመዘግባል። ከ7 ሰዓት በኋላ የሄደ ግን በጎናቸው ተኝተው፣ ክብ እየሠሩ እየተሽከረከሩ ወይም ነጣ ብለው ከታች ወርደው ያገኛቸዋል። በሁለተኛው ቀን በስብሰው አልቀዋል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው የጠዋቱ ነው።

ወባን አቅልለን አናይም፤ ሰው ይቀድማል። ግን ዘይቱ ለወባም ደካማ መሣሪያ ነው፦ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፣ ሣር ይከፋፍለዋል፣ በቀናት ውስጥ ሽፋኑ ይቀደዳል። በጎማ፣ በባልዲና በግንባታ ጉድጓድ ያለውን ውሃ መድፋት ወይም ማዳፈን ይሻላል፤ እንቁራሪትም እዚያ ብዙ አትራባም። ሊዳፈን ለማይችል ውሃ ቢቲአይ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚዘጋጅ ማጥፊያ አለ፤ የትንኝን እጭና ጥቂት ዘመዶቹን እንጂ እንቁራሪትን አይገድልም፤ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠንና ድግግሞሽ ይጨመር። አቤት የተባለው ኬሚካልም ከተቃጠለ ዘይት ይሻላል፤ ሆኖም የውሃ ነፍሳትንና ዳፍኒያን (አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን) ስለሚጎዳ ከብት ለሚጠጣበትና እንቁራሪት ለምትራባበት ሰፊ ኩሬ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ከጋራዥ የሚወጣው ዘይት በክዳን በርሜል ተጠራቅሞ ለሰብሳቢ ይሰጥ፤ ጋራዦች በሚታጠቡበት ቦይ ወደ ቦርከና ከገባ ያው ነው።

ፀረ ተባዩ ላይ የምንናገረው ከማሳው ይልቅ ስለ ቦዩ ነው። ካርባሪል ለተምች ሲረጭ የኖረ ኬሚካል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አልትራቫዮሌት ቢ ሲጨመርበት ለእንቁራሪት እጭ መርዛማነቱ ብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይ ደግሞ በአየርና በፀሐይ ሲቀየር ማላኦክሰን ይሆናል፤ ይህ ከወላጁ የከፋ መርዝ ነው። ማላታይን በዝቅተኛ መጠን ሲደጋገም ሌላ መንገድ አለው፦ እጩን ራሱን አይገድለውም፣ ዳፍኒያን ይገድላል። ዳፍኒያ ሲጠፋ የሚንሳፈፈው አልጌ ይበዛና ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ብርሃን ታች ስለማይደርስ እጩ የሚግጠው የታችኛው አልጌ ይደርቃል፤ እጩ ሳያድግ፣ እግር ሳያወጣ የበልጉ ኩሬ ይነጥፋል። ሞቶ የታየ እንስሳ የለም፤ በክረምት የሚጮኽ ግን ይጠፋል።

ፓይረትሮይድ የሚባሉትን የፀረ ተባይ ወገኖች በቁጥር እንይ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላምዳ ሳይሃሎትሪን 5 በመቶ ከሆነ ዕቃ አንድ ክዳን፣ 10 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ግማሽ ግራም ንጥር መርዝ አለው። 10 ሜትር በ5 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 20,000 ሊትር ይይዛል። ክዳኑ ተጥሎበት ቢታጠብ በሊትር 25 ማይክሮግራም ይሆናል። ለብዙ ዓሦች ገዳይ የሆነው መጠን በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። እርግጥ ከመርዙ አብዛኛው ቶሎ ጭቃ ላይ ይጣበቃል፤ ጭቃውን የሚግጠው ግን ማን ነው?

ስለዚህ ለቆቦ ጊራናና ለሌሎች የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖዎች የምንመክረው፦ ከኩሬና ከረግረግ ዳር 10 ሜትር፣ ከቦይ ዳር ቢያንስ 5 ሜትር ሣር ሳይረጭ ይቆይ። ርጭቱ ንብ ከገባ በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ወዲህ ይሁን፤ ወደ ውሃው የደረሰ ጠብታ ካለ የቀትሩ ፀሐይ ሳያገኘው ሌሊቱን አፈርና ሣር ላይ ይጣበቃል። ነፋስ ካለ ወይም ዝናብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተጠበቀ ይቅር። ያለቀው ጠርሙስ ሩቡ ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ 30 ሰከንድ ተንጦ፣ እጥበቱ ወደ መርጫው ይገልበጥ፤ ሦስት ጊዜ። መርጫው ራሱ ሲታጠብ እጥበቱ በዚያው ሰብል ላይ ይረጭ። ቦይ ላይ ማጠብ ከርጭቱ ሁሉ የከፋው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም እሱ ነው።

ፀሐይ መርዝን እንደምታጠፋም እናውቃለን፤ ብዙ ፀረ ተባዮች በብርሃን ይፈርሳሉ። ይህ ግን ቀናት ይወስዳል፣ እጩ ደግሞ የሚሞተው በሰዓታት ነው።

የቦርከና ጉዳይ ከዚህ የተለየ ስልት አለው። የደሴና የኮምቦልቻ የቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካዎች ውሃ፣ ከማሳ የሚታጠብ ዩሪያ ሁሉም አሞኒያ ይዘው ይገባሉ። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ መርዛማው ነጻ የሆነው ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7 ሲሆን ነጻው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ያህል ነው። ፒኤች 8 ላይ ከ5 በመቶ ያልፋል፣ 9 ላይ 36 በመቶ ይደርሳል። አልጌ የበዛበት ውሃ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲውል ፒኤቹ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይወጣል፤ አልጌው ምግቡን ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጨርሰው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተቀዳ ናሙና ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ያው ውሃ 9 ሰዓት ላይ፣ አሞኒያው አንድ ጠብታ ሳይጨመር፣ ብዙ እጥፍ መርዛማ ነው። ናሙና ቀጂዎች ጠቅላላ አሞኒያን ብቻ ሳይሆን ፒኤችና ሙቀትን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ደቂቃ ይመዝግቡ፤ ጠርሙሱ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ፒኤቹ ይለወጣል። ቦርከና ወደ ጨፋ ረግረግ ሲዘረጋ ውሃው ይሳሳል፣ ይሞቃል፣ ይዘገያል፤ ስለዚህ አንድ የናሙና ቦታ የግድ እዚያ ይሁን።

የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ባሠሯቸው፣ በፕላስቲክ በተነጠፉት የውሃ ማሰባሰቢያ ኩሬዎች ነገሩ ይገለበጣል። ድፍርስ የከብት ኩሬ ጨረሩን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያስቀረዋል፤ የቅጠል ብስባሽ ያጠቆረው ውሃም እንደዚሁ። የተነጠፈው ኩሬ ግን ጭቃም ቅጠልም የለውም፣ ይጠራል፣ ጨረሩ ታች ይደርሳል። እንቁራሪት ትገባበታለች፣ በሚያንሸራትተው ጠርዝ መውጣት አቅቷት ትሞታለች። ማስተካከያው ርካሽ ነው፦ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቃጫ ጆንያ አፈር ተሞልቶ ከአፋፉ እስከ ታችኛው ወለል በአንድ ጥግ ይነጠፍ፤ ውሃው ሲጎድልም ይህ የእንቁራሪት መወጣጫ እንዲደርስ። ከኩሬው ወለል የተወሰነው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ይሁን። ሲሶውን የሚሸፍን ጥላ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ከጎን የቆመ ዛፍ አያድንም። ከላይ የተዘረጋ የሸምበቆ ርብራብ፣ የችግኝ ጣቢያ መረብ ወይም ውሃው ውስጥ የቆመ ቄጠማና ፊላ ነው የሚያድነው። ሁሉንም አትሸፍኑ፤ የቀዘቀዘ ውሃ እጩን ያዘገየዋል። በአፈር ኩሬ ዳር አኻያ ይተከል፣ ባሕር ዛፍ አይተከል። እምቦጭ ለጥላ ብሎ ማምጣት ደግሞ በሃይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ላይ በገዛ እጅ መፍረድ ነው።

ይህ በእናንተ ወረዳ እውነት ይሁን አይሁን በአራት ቀን ማየት ይቻላል። ስድስት ነጭ ሳፋዎች፣ በእያንዳንዱ 10 ሊትር ውሃና 20 የእንቁራሪት እጮች። ሦስቱ ከተጠረጠረው ቦታ፣ ሦስቱ ከንጹሕ ምንጭ በተቀዳ ውሃ ይሞሉ። ከየወገኑ አንዱ ክፍት ይሁን፣ አንዱ በመስኮት መስታወት ይሸፈን፣ አንዱ በጥላ መረብ። መስታወቱ ከሳፋው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አየር ያስገባ፤ በሳፋዎቹ መካከል የሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ ካለፈ ውጤቱ አይቆጠርም። የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን አብዛኛውን ይከለክላል፣ ኤን ያሳልፋል። በተበከለው ውሃ ክፍቱ ብቻ ከሞተ ጥፋቱ የቢና የኬሚካሉ ነው። ከመስታወት ሥርም ሞተው ከመረቡ ሥር ከተረፉ ኤ ነው፤ ያኔ ዘይት ፈልጉ። ሦስቱም እኩል ከሞቱ መርዙ ፀሐይ አላስፈለገውም። በንጹሑ ውሃ ክፍቱ ከሞተ ጨረሩ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። ጠዋትና ከቀትር በኋላ ቁጠሩ፤ በተበከለ ውሃ የቆዩትን ወደ ሌላ ኩሬ አትመልሱ።

ከኩሬ ወደ ኩሬ የምትሄዱ ባለሙያዎች ቦቲያችሁን ታጠቡ። ኪትሪድ የሚባለው የእንቁራሪት ቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ በብዛት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከኩሬው ራቅ ብሎ፣ ክሎሪኑም እጭ ይገድላልና።

ሥራው ለአንድ መምሪያ የሚተው አይደለም፤ ዘይቱን የሚያፈሰው ጤና፣ ርጭቱን የሚመራው ግብርና፣ ናሙናውን የሚቀዳው አካባቢ ጥበቃ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የትኞቹ ኩሬዎች ዘይት እንደማይነካቸው በቀበሌ ዘርዝረው ቢያሳውቁን፣ የሳፋውን ሙከራ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለማሳየትና የናሙና ሰዓቱን አብረን ለማውጣት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በውሃ አካላትና በዱር እንስሳት ሥነ ምህዳር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች
ደሴ